ጣናን ከልጆች ጋር አየነው

ጣና ሐይቅን በስሙ የማያውቅ የለም። በዓይኑ ያየው ግን ብዙ አይደለም። እኛ የምንኖረው ሐሙሲት አጠገብ ነው። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሐይቁ ሩቅ አይደለንም። ሆኖም የገበሬ ሥራ መች ያልቃል? ክረምት እርሻ ነው። ቀጥሎ አረም ነው። ከዚያ አጨዳና ውቂያ ነው። ስለዚህ ቅርቡም አገር ሩቅ ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም እህላችንን ወቅተን ጎተራ አስገባን። ከዚያም ከባለቤቴ ጋር ተማከርን። «ልጆቹን ይዘን ጣናን እንይ» ተባባልን። አንዳንድ ጎረቤት «ያለ ጉዳይ ከተማ መሄድ ምን ይባላል?» አለን። እኛ ግን ጉዳይ ነበረን። ልጅ በጆሮው ከሰማው ይልቅ በዓይኑ ያየውን አይረሳም። ጉዳያችን ይህ ነበር።

የካቲት 7 ቀን ቅዳሜ በጠዋት ተነሣን። ድፎ ዳቦና ቆሎ በአገልግል ያዝን። ውሃ በጀሪካን ያዝን። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው። መካከለኛው 9 ዓመቱ ነው። ትንሹን አዝዬው ነበር።

ስለ መካከለኛው ልጅ ትንሽ ልንገራችሁ። ከብት ሲጠብቅ ጭቃ እያቦካ በሬ ይሠራል። ቀንዱን፣ ሻኛውን፣ ቀንበሩን ሳይቀር ያወጣል። ሰዎች ግን ሲያዩት ይስቁበታል። «ይህ ልጅ ሸክላ ሠሪ ሊሆን ነው እንዴ?» ይሉታል። እሱም ሰው ሲመጣ በሬዎቹን ከድንጋይ ሥር ይደብቃቸዋል። ይህ ነገር ሆዴን ያመኝ ነበር።

ዓባይና ሐይቁ

ከእኛ አገር ሲመጡ ባሕር ዳር ከተማ መሀል ከመግባት በፊት የዓባይ ድልድይ ይገኛል። ከመኪና ወርደን በእግር ተሻገርን። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምረው እዚሁ አጠገብ ነው። ከዚህ ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ይወድቃል። ከዚያም አገራችንን ዞሮ ሱዳን ይገባል። ካርቱም ከተማ ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ አንድ ሆነው ግብፅን አቋርጠው ባሕር ይገባሉ።

ያን ጊዜ ሌላ አዲስ ድልድይ እየተሠራ ነበር። ይህ ድልድይ በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው።

ከድልድዩ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድን። ልጆቹ ውሃውን ሲያዩ ዝም አሉ። ማዶው አይታይም። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል። በውስጡ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። በብዙዎቹ ላይ የቆዩ ገዳማት ይገኛሉ።

መካከለኛው ልጄ አባቱን «አባዬ፣ ይህ ሁሉ ውሃ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

አባቱም «የሁላችንም ነው። የምንጠብቀውም ሁላችን ነን» አለው።

ታንኳ እንዴት ይሠራል?

በሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሲሠሩ አገኘን። ሽማግሌው ከነገደ ወይጦ ሰዎች አንዱ ናቸው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ናቸው። በዓሣ ማስገርና በታንኳ ሥራ ይታወቃሉ።

ሰላምታ ሰጠናቸው። «ልጆቹ ሥራውን እንዲያዩ ይፍቀዱልን» አልኋቸው። «ምን ከፋኝ እህቴ፤ ይዩ፤ ማየት አይከለከልም» አሉ። ልጆቹ አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቅ ዳር የሚበቅል ተክል ነው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ጫፉ ላይ እንደ ጭራ የተበተነ ጎፈሬ አለው። የአገዳው ልጣጭ ጠንካራ ነው። ውስጡ ግን ለስላሳና አየር የሞላበት ነው። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው።

ሥራው በተራ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያ የደረሰውን ደንገል ያጭዳሉ። ቀጥሎ ፀሐይ ላይ አስጥተው ያደርቁታል። ከዚያም የደረቀውን በነዶ በነዶ አድርገው በገመድ ጠፍረው ያስራሉ። ነዶዎቹን አንዱን ከአንዱ ጋር ያጣምራሉ። የፊቱን ጫፍ ቀጭን አድርገው ወደ ላይ ያቀኑታል። በመጨረሻም ሰውና ዕቃ እንዳይርስ ውስጡን በሌላ ደረቅ ደንገል ይደለድሉታል። ሚስማር የለበትም። ሰሌዳ የለበትም። ይኸው ነው፤ ደንገል፣ ገመድና እጅ ብቻ!

በእንዲህ ያለ ታንኳ የዘጌ ሰዎች ለብዙ ዘመን ማገዶና ፍራፍሬ እየጫኑ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጡ ኖረዋል።

ልጄ ሽማግሌውን «አባባ፣ ይህ ታንኳ ስንት ዓመት ያገለግላል?» አላቸው።

«ዓመት? ዓመት የለውም ልጄ። ጥቂት ወር ነው። ውሃ ይጠጣል፤ ይከብዳል፤ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ከውሃ አውጥተን የምናሰጣው። ሲያልቅ ሌላ እንሠራለን» አሉት።

«ሁልጊዜ እንደገና መሥራት አይሰለችዎትም?»

ሽማግሌው ሳቁ። «እናትህ እንጀራ መጋገር ሰልችቷት ያውቃል?» አሉት። ከዚያም «ና፤ ይህን ጫፍ ያዝልኝ» ብለው ገመዱን ሰጡት። እሳቸው ሲስቡ እሱ ያዘ። እሱ ሲያላላ «ጥበቅ!» አሉት። አንድ ነዶ አብረው አሰሩ። ትልቋ ልጄም ገባችበት። እሷ ከእኔ ጋር ሰፌድ ስለምትሰፋ እጇ ማሰር ያውቃል። ሽማግሌው እጇን አይተው «ይህቺ ሙያ ያላት ልጅ ናት» አሉ።

ከመለያየታችን በፊት ሽማግሌው አንድ ነገር ነገሩን። «እኔን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ልጅ ይህን ሥራ አይፈልግም። ሰው ይንቀናል። ደንገሉም ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ነው» አሉን።

ይህን ነገር አሰብሁት። የድንጋይ ቤት የሠራው ሰው ቢሞትም ቤቱ ብዙ ዘመን ይቆያል። ታንኳ ግን እንዲህ አይደለም። በጥቂት ወር ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ታንኳ የሚኖረው በሐይቁ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሚሠራው ሰው እጅ ነው። አንድ ትውልድ ልጆች ሳይማሩት ከቀሩ ሙያው ይጠፋል። ሌላውም የእጅ ሙያችን እንዲሁ ነው።

የጣና ደንገል ውቅያኖስ ተሻገረ

የዚህን ሙያ ክብር የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ታላቁን ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ፈለገ። ብዙ ሰው «ደንገል በስብሶ ይሰጥማል» አለው። እሱ ግን ከጣና ሐይቅ ደንገል አስጫነ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ጀልባውን ሠሩለት። ስሙን «ራ» አለው። በ1961 ዓ.ም ከሞሮኮ ተነሣ። ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ የጀልባው ኋላ ውሃ ጠጥቶ ወረደ። ካሰበው ሳይደርስ ጀልባውን ትቶ ወጣ።

ሰውየው ግን ተስፋ አልቆረጠም። የጎደለውን መረመረ። ሁለተኛ ጀልባ አሠራ። የአሁኑን የሠሩት በደቡብ አሜሪካ ካለችው ከቦሊቪያ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱም እንደ ጣና ሰዎች በሐይቅ ዳር የሚኖሩ ናቸው። ሁለተኛው ጀልባ በ1962 ዓ.ም ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ የተባለችው ደሴት ደረሰ። ባርቤዶስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ናት። እንግዲህ በአገራችን የተናቀው ሥራ በዓለም ፊት እንዲህ ተከበረ።

ሐይቁን ማን ይጠብቅ?

ሽማግሌው «ደንገሉ እየራቀ ነው» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የሐይቁ ዳር ይታረሳል። ከብት ይግጠዋል። ከተማውም ይሰፋል። ከዚህ ሌላ እንቦጭ የሚባል አረም መጥቷል። እንቦጭ በውሃ ላይ እየተንሳፈፈ የሚራባ መጤ አረም ነው። በጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም አካባቢ ነው። ውሃውን ይሸፍናል። ጀልባና ታንኳ እንዳይሄድ፣ ዓሣ እንዳይሰገር፣ ከብት ወደ ውሃ እንዳይደርስ ያግዳል።

በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ውሃ ውስጥ እየገቡ በእጃቸው ነቅለዋል። ከሌላ ቦታም ብዙ ሰው መጥቶ አግዟል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እንዲህ ነው። አንድ የደንገል አገዳ ሰው አይሸከምም። በነዶ ሲታሰር ግን ሰውንም ሸክሙንም ያሻግራል።

በ2007 ዓ.ም ዩኔስኮ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጣናንና ዙሪያውን ጥበቃ ከሚደረግላቸው የዓለም የተፈጥሮ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቷል። መዝገብ ግን ብቻውን አረም አይነቅልም። አረም የሚነቅለው ሰው ነው።

በቡና ላይ የተነሣ ክርክር

በማግስቱ እሑድ ጎረቤቶቻችን ለቡና ተሰበሰቡ። ልጆቹ ከሰንበሌጥ ትንሽ ታንኳ ሠርተው በገበቴ ውሃ ላይ ያንሳፍፉ ነበር። የጎረቤት ልጆችም ከበው ያያሉ። አንዲት ጎረቤቴ «እንዴ፣ ደግሞ የወይጦ ሥራ ልታስተምሪያቸው ነው?» አለችኝ።

እኔም እንዲህ አልኋት። «እቴ፣ ይህን ቡና ያፈላሽበትን ጀበና ማን ሠራው? ሸክላ ሠሪ ነው። ባልሽ የሚያርስበትን ማረሻ ማን ሠራው? ቀጥቃጭ ነው። የለበስሽውን ነጠላ ማን ሠራው? ሸማኔ ነው። ሥራቸውን እንወዳለን፤ እነሱን ግን እንንቃለን። ይህ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?»

ባለቤቴም ጨመረ። «ይህን ነገር ዐፄ ምኒልክ እንኳ አይተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም ገደማ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አውጀዋል። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ ሆነ። እኛ ግን ስድቡን ዛሬም አልተውነውም» አለ።

ሁሉም ዝም አለ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት «እውነት ነው ልጆቼ። ቡዳ የሚባለው ሰው አይደለም፤ ንቀት ራሱ ነው ቡዳው። አገር የሚበላው እሱ ነው» አሉ። ያቺ ጎረቤቴም ልጇን ከታንኳው አጠገብ አላስነሣችውም።

ውድ አንባቢያን፣ ለልጅ ብልሃትን የሚሰጠው ገንዘብ ብቻ አይደለም። እኛ ያወጣነው የመኪና ሒሳብ ብቻ ነው። በየአካባቢያችሁ የሚታይ ነገር አለ። የሸማኔ ጉድጓድ አለ፤ የቀጥቃጭ ወናፍ አለ፤ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አለ፤ ወንዝ አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያውን በአክብሮት ሰላም በሉት። ልጁ ይጠይቅ፤ ይንካ፤ ይሞክር። የሠራውም ነገር ትንሽ ቢሆን አትሳቁበት። መደርደሪያ ላይ አስቀምጡለት። የተሳቀበት ልጅ እጁን ይሰበስባል። የተመሰገነ ልጅ ግን ነገ ለመንደሩ የሚጠቅም ነገር ይሠራል።

እንወያይ

1. በአካባቢያችሁ የትኛው የእጅ ሙያ እየጠፋ ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው?
2. ባለሙያዎችን የምንጠራበት ቃል ክብር ያለው ነው ወይስ ስድብ?
3. በዚህ ወር ልጆቻችሁን ይዛችሁ የትኛውን ቦታ ልታሳዩ ትችላላችሁ?