አልባይሲን፦ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ሰፈር

ወደ ስፔኗ ግራናዳ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አልሃምብራን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ትኬቱን ቀድሞ ቆርጦ፣ በተመደበለት ሰዓት ገብቶ፣ አሥራ ሁለቱ የድንጋይ አንበሶች ባሉበት ግቢ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ የዚያን ቤተ መንግሥት ውበት አይቶ የማይደነግጥ የለም። ነገር ግን ከዳሮ ወንዝ ማዶ፣ ከቤተ መንግሥቱ ትይዩ ባለው ኮረብታ ላይ አልባይሲን የሚባል በኖራ የነጣ ሰፈር አለ። የሙሮች (የስፔን ሙስሊሞች) የሕንፃ ጥበብ ለኑሮ እንዴት እንደዋለ ማወቅ የሚሻ ሰው መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። ማዶ ያለው የነገሥታቱ ነበር፤ ሐር ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪውና አናጢው የኖሩት እዚህ ነው።

ከወንዙ ዳር ሽቅብ ከመውጣት በፊት ኤል ባኙዌሎ የሚሉት የ11ኛው ክፍለ ዘመን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አለ። ከውጭ ሲያዩት ተራ ቤት ይመስላል። ውስጡ ግን ቀዝቃዛ፣ ለብ ያለና ሙቅ ክፍሎች ተከታትለው፣ የፈረስ ኮቴ ቅርፅ ያላቸው ቅስቶች በአምዶች ላይ ቆመው ይታያሉ። የአምዶቹ አናት ከሮማውያን፣ ከቪዚጎቶችና ከኮርዶባ ኸሊፋዎች ዘመን ሕንፃዎች ተለቅሞ የመጣ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ጣሪያው በኮከብ ቅርፅ ተበስቷል፤ ብርሃን የሚገባው በዚያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1567 የስፔኑ ንጉሥ የዳግማዊ ፊሊጶስ አዋጅ የዓረብኛ ቋንቋንና የሙሮችን አለባበስ ሲከለክል መታጠቢያ ቤቶችንም አብሮ ከልክሏል። ይህኛው ግን ከመኖሪያ ቤት ሥር ተሸሽጎ፣ አንድ ሰሞንም የልብስ ማጠቢያ ሆኖ ከመፍረስ ተርፏል።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ዳገት ነው። ጠጠር የተነጠፈበት መተላለፊያ ይጠባል፣ ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ግድግዳ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ግራና ቀኙ አጥር ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ሰፈሩ ጀርባውን የሰጠ ይመስላል፤ በእርግጥም ሰጥቷል። በዚህ አሠራር የቤት ጌጥ ለአላፊ አግዳሚ አይታይም። በሩን ሲያልፉ መተላለፊያው ታጥፎ ይቀበልዎታል፤ ከመንገድ የሚመለከት ዓይን እልፍኝ ድረስ እንዳይዘልቅ ነው። እጥፉን እንዳለፉ ግቢው፣ መሐሉ ላይ ውሃ የሞላው ገንዳ፣ በግራና በቀኝ ወይም ከፊትና ከኋላ በቅስት የተያዘ በረንዳ ይገለጣል። ክፍሎቹ ሁሉ ብርሃንና አየር የሚያገኙት ከዚህ ግቢ ነው። በጋው በሚያነድበት በዚህ አገር፣ ወፍራሙ ግድግዳ ሙቀቱን ይመልሳል፣ ገንዳው አየሩን ያቀዘቅዛል።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ካሳ ዴ ሳፍራ ይግባ። የ14ኛው ክፍለ ዘመን መኖሪያ ቤት ሲሆን፣ ለመትረፍ የበቃው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሴቶች ገዳም ቅጥር ውስጥ ስለገባ ነው። ከፍ ብሎ የሚገኘው ዳር አል ሖራም፣ የመጨረሻው የግራናዳ ሙስሊም ንጉሥ የቦአብዲል እናት መኖሪያ እንደነበር የሚነገርለት ትንሽ ቤተ መንግሥት፣ እንዲሁ በገዳም ተከልሎ ነው የቆየው። ከአንዳሉስ (ከሙስሊሟ ስፔን) ቤቶች መካከል አንዳንዶቹ በመስቀል ሥር በኖሩ መነኮሳት እጅ መጠበቃቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ስለ ማቴሪያሉም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ይህን ጥበብ ከዕብነ በረድና ከወርቅ ጋር ያያይዘዋል። አልሃምብራ ራሱ ግን በአብዛኛው ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ከጡብ፣ ከእንጨትና ከጀሶ ነው የተሠራው። ሙካርናስ የሚባለውና እንደ ማር እንጀራ ከጣሪያ ተደራርቦ የሚወርደው ሥራ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የጀሶ ቁራጮች በጂኦሜትሪ ስሌት ተገጣጥመው የሚፈጥሩት ነው። በግድግዳው ላይ ደግመው ደጋግመው የተቀረጹት «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚሉት የቤተ መንግሥቱ ነገሥታት የናስሪዶች ቃላትም ጀሶ ላይ ናቸው። ዋጋ ያለው ነገር ባለሙያው የሚያውቀው ነበር። ስለዚህም የአልባይሲን አናጢና የቤተ መንግሥቱ አናጢ በአንድ ሙያ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኮረብታው ላይ ሰው እንዲኖር ያስቻለው ግን ውሃ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከናስሪዶች በፊት በገዙት በዚሪዶች ጊዜ፣ አይናዳማር የሚባል ቦይ ከአልፋካር ምንጭ ተጠልፎ በተራራው ወገብ እየዞረ እስከዚህ ደረሰ። ሰፈር ውስጥ እንደገባም ለየመስጊዱና ለየመንደሩ በተሠሩ ከመሬት በታች ያሉ የጡብ ማጠራቀሚያዎች ተከፋፈለ። ዛሬ ከእነዚህ ከ20 በላይ የሚሆኑት በየአደባባዩ ጥግ ቆመው ይገኛሉ። ትልቁ የንጉሡ ማጠራቀሚያ የሚባለው 300 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። ከአንድ ቅስት ሥር ያለችውን የአንዱን ማጠራቀሚያ አፍ ቆሞ ያየ፣ የመስጊድ ደጅ፣ የጎረቤት መገናኛና የውሃ መቅጃ አንድ ቦታ እንደነበሩ ይገባዋል።

ሰፈሩን የፈጠሩት ሰዎች ግን የሉም። ግራናዳ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1492 ለካቶሊክ ነገሥታት ስትሰጥ፣ ሙስሊሞቹ ሃይማኖታቸውን እንደያዙ እንዲኖሩ በውል ተጽፎ ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1499፣ ሊቀ ጳጳስ ሲስኔሮስ መጥቶ በግድ ማጥመቅ ጀመረ፤ አልባይሲን አመፀ፣ ውሉም ተሻረ። በ1568 ማብቂያ በአልፑሃራስ ተራሮች ሁለተኛው አመፅ ሲነሳ የሰፈሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ሌሎች የስፔን ግዛቶች ተበተኑ። ከ1609 ጀምሮም ከአገሩ ጨርሰው ተባረሩ። ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፣ ብዙዎቹ ፈረሱ። በሰፈሩ የቀሩት ሌሎች ነዋሪዎች ሁለት ሦስት ፍርስራሽ በአንድ አጥር እያካለሉ አትክልት ተከሉበት። ዛሬ ጎብኚ «ካርመን» እያለ የሚያደንቀው፣ ከአጥሩ በላይ የሮማን ዛፍና ጽድ የሚታይበት የጓሮ ቤት በብዛት የመጣው ከዚህ ነው። የአልባይሲን አረንጓዴ ውበት ግማሹ ሰው ከነቀለ እጅ የተረፈ መሬት ነው፤ ይህን ሳያውቁ ማድነቅ ለእኔ ጎዶሎ ነው።

ከኮረብታው አናት አጠገብ ሳን ሳልቫዶር ቤተ ክርስቲያን በዋናው መስጊድ ቦታ ቆሟል፤ የመስጊዱ ግቢ ከነቅስቶቹ ጎኑ ላይ አለ። የሳን ሆሴ ቤተ ክርስቲያን ደወልም የሚደወለው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ሚናራ ላይ ነው። በላርጋ አደባባይ አጠገብ ባለው የዚሪዶች በር ላይ ደግሞ፣ አጭበርባሪ ነጋዴዎች የተነጠቁት የሚዛን ድንጋይ አሁንም ተሰቅሎ ይታያል። ከሳን ኒኮላስ አደባባይ አጠገብ በ2003 አዲስ መስጊድ ተከፍቷል፤ ሚናራው እንደ አንዳሉስ ልማድ አራት ማዕዘን ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ኦወን ጆንስ የአልሃምብራን ጌጥ በቀለም አትሞ ካወጣ በኋላ ይህ ስልት አውሮፓን አዳረሰ፤ በ1859 የተመረቀው የቡዳፔስት ታላቅ ምኩራብ ሳይቀር የሙሮችን መልክ ለብሷል። ቀጂዎቹ ቅስቱንና ቀለሙን ወሰዱ፤ ግቢውን፣ ጥላውንና ቦዩን ተዉት። አልባይሲን ዛሬ የሚያስፈልገውም የተዉት ነው። በ1994 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቤቶቹ ግን አንድ በአንድ ለቱሪስት ማደሪያነት እየተለወጡ፣ ነባሩ ነዋሪ እየለቀቀ ነው። ደስ የሚያሰኘው፣ በቅርብ ዓመታት የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው ደርቆ የቆየውን የአይናዳማርን ቦይ በአካፋና በዶማ እየጠረጉ ውሃ መልሰውበታል። ከተማው ይህን ሥራ እስከ ሰፈሩ ማጠራቀሚያዎች ድረስ ይዝለቅ። በውሃ ዙሪያ የተሠራ ሰፈር ያለ ውሃ አይጠበቅም፤ ያለ ነዋሪም እንዲሁ።