የሽመል ፈረስ

ዘንገና ሐይቅ ዳር ዛፍ ተደግፌ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል፣ የአራት ዓመቱ ልጄ ጉልበቴ ላይ ቆመና «አባዬ፣ አሁንስ ምን እንጫወት?» አለኝ። ያለችን አንዲት ኳስ ነበረች። እሷንም ገና እንደደረስን ቁልቁል ለቋት ሐይቁ ወስዷታል። ዘንገና 166 ሜትር ይጠልቃል፤ ኳስ መንሳፈፍ ታውቃለች፣ እኔ አላውቅም።

በእጄ የቀረው የቀርከሃ ሽመሌ ብቻ ነው። እንጅባራ ላይ ቀርከሃ አልጋም ወንበርም ይሆናል፤ እኔ ፈረስ አደረግሁት። እግሮቹ መሃል አስገባሁለትና «በል ጋልብ!» አልኩት። ጋለበ። የሽመሉ ጫፍ ከኋላው አፈሩ ላይ መስመር እያሰመረ ሄደ። ዘወር ብሎ መስመሩን አየና «ጭራው ነው» አለኝ። እኔም ግራ ቀኙን ቃኝቼ፣ የሚያየኝ ሰው እንደሌለ ሳረጋግጥ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ወጣሁ።

ጨዋታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ለካ ቀዳሚ አለኝ። የስፓርታው ንጉሥ አጌሲላዎስ ከልጆቹ ጋር ሸምበቆ ሲጋልብ አንድ ወዳጁ ድንገት ይደርስበታል። ንጉሡም «አንተም አባት እስክትሆን ለማንም እንዳታወራ» ብሎ እንደለመነው ፕሉታርክ ጽፏል። ወዳጅየው ወይ ቶሎ ወልዷል፣ ወይ ሆዱ ምስጢር አይቋጥርም፤ ይኸው ከ2,000 ዓመት በላይ ቆይቶ ዘንገና ድረስ ተሰማ።

ልጄ ግን ስፓርታን አያውቅም፤ ጥር 23ን ነው የሚያውቀው። በዚያ የጊዮርጊስ ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲጋልቡ ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ አይቷል። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ነው። ዓድዋም የተዋጉት በሌላ የጊዮርጊስ ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ልጄ ጨዋታውን ከኔ ሳይሆን ከፈረሰኞቹ ወርሷል፤ ፈረሰኞቹ ከአባቶቻቸው። አባቶቻቸውስ ከምን ጀመሩ?

«የፈረስህ ስም ማን ነው?» አለኝ፣ ልጓሙን ሳብ አድርጎ።

«ስም የለውም።»

በሐዘኔታ አየኝ። እውነቱን ነው፤ በኛ አገር ፈረስ ያለ ስም አይኖርም። እንዲያውም ጌታው ነው በፈረሱ የሚጠራው፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ አሉላ አባ ነጋ። ይህን ሁሉ እየቆጠርኩ ስነግረው በትዕግሥት አዳመጠኝና «ያንተ አባ ቆየኝ ነው» አለ። ከኋላው ሆኜ ስንት ጊዜ «ቆየኝ!» እንዳልኩ ለካ ይሰማ ኖሯል።

ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ የሽመሉን አፍ ወደ ሐይቁ ሲያዘነብል፣ ከበስተኋላችን «ተው!» የሚል ድምፅ መጣ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከመቼ ጀምረው እንደቆሙ እንጃ። ቅርንጫፌን ከእግሬ መሃል ለማውጣት ጊዜ አልነበረኝም።

«ፈረስህ እኮ አልቦታል፣ ልጄ። ላቡ ሳይደርቅ ውሃ አይጠጣም፤ ይታመምብሃል» አሉት፣ ፊታቸው ላይ የፈገግታ ምልክት ሳይታይ።

ልጄ ደንግጦ ሽመሉን አነሣ። በእጅጌው ይጠርገው ጀመር። እሳቸው ወደኔ ዞሩ።

«ያንተስ ማን ይባላል?»

«አባ ቆየኝ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«መልካም ስም ነው» አሉ። ከዚያ ዘንጋቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይኼም በልጅነቱ ይጋልብ ነበር። አሁን እሱው ነው የሚጎትተኝ።»

ተደግፈውት ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጡ። ልጄ የዘንጋቸው ጫፍ አፈሩ ላይ የተወውን ነጠብጣብ እያየ «አባዬ፣ የሳቸው በእግሩ ነው የሚሄደው» አለኝ።