ከእናቴ ጋር ፎቶ ልነሳ ሁሩታ ድረስ!

እናንተዬ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስልካችሁን አውጡና ከእናታችሁ ጋር፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ ፈልጉ። ስንት አገኛችሁ? እኔ ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት ፈልጌ ነበር። ከጓደኛ ጋር፣ ከባል ጋር፣ ከኬክ ጋር፣ በሰው መኪና ተደግፌ ሳይቀር የተነሳሁት ሞልቷል። ከእናቴ ጋር ግን አንድም የለኝም። አንድም!

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ናት። አይዳን የማታውቋት ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከአገር ወጥታ፣ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ ስታነሳ የነበረች ናት። በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ2010 «አዲስ ፎቶ ፌስት» የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶ ፌስቲቫል መሠረተች። ሴቶችን ፊታቸውን በቀለም ቀብታ፣ ቀይና ሰማያዊ አልብሳ የምታነሳቸው ፎቶዎች አንዴ ካያችኋቸው ከዓይን አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ላይ ያሳየችው ሥራ ርእሱ «ዓለም ዘጠኝ ናት» ይሰኛል። ይኼን ርእስ ከየት አመጣችው መሰላችሁ? ከአያቷ አፍ! ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አትሞላም፣ ፍጹምም አትሆንም እያሉ ደጋግመው የሚነግሯት አያቷ ነበሩ።

ይኼን ሳውቅ ክው አልኩ። ሴትየዋ ስንት አገር ዞራ የሰው አገር ግድግዳ ላይ የሰቀለችው የአያቷን ቃል ነው። እኔስ ከእናቴ ምን ይዤ ነው የምዞረው? ኩርፊያ!

ልንገራችሁ። ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ያደግኩት አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ነው። እናቴ አንድ ሌሊት ቀስቅሳ፣ ጫማዬን አስራ፣ ሳይነጋ መኪና ላይ አሳፈረችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ብቻ «እናቴ ለሰው ሰጠችኝ» የሚል ቂም ይዤ አደግኩ። ከሦስት ዓመት በፊት በማዘጋጃ ቤት ተፈራርሜ ሳገባ ለእሷ በስልክ የነገርኳት በሳምንቱ ነው። «ልጅ ሆኜ የሸኘችኝ፣ ሳገባ ምን አገባት?» ብዬ! እሷም ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ይቅናሽ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ «እንኳን አደረሰሽ» ከመባባል በቀር ወሬ አልነበረንም።

መንገዱ

ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ አዳማን የሰፈር ያህል አቅርቧታል፤ እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ ትደርሳላችሁ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «ናዝሬት» ነው የምትላት። አዳማ ወርዳችሁ የአሰላን መስመር ትይዛላችሁ። በእርሻ ምርምሩ የምትታወቀው መልካሳ ታልፋለች፣ አዋሽን ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ ዴራ፣ ከዚያ ኢተያ። ከኢተያ የአሰላውን መንገድ ለቃችሁ በስተግራ፣ ወደ ሮቤ በሚወስደው ስትታጠፉ የሁሩታ መንገድ እሱ ነው።

በዚህ መንገድ ደስ የሚለው ሽቅብ መውጣቱ ነው። ታች ስምጥ ሸለቆው ላይ ሙቀት፣ አቧራና ግራር ነበር። እየወጣችሁ ስትሄዱ መስኮቱ ይዘጋል፣ ነጠላ ይደረባል። ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ይበልጣል። ከኢተያ በኋላ በግራም በቀኝም ስንዴ ነው። ኅዳር ላይ ሁሉም ወርቅ መስሎ ቆሟል፤ ኮምባይነር አቧራውን እያጨሰ ይወጣል ይወርዳል፤ ከበስተጀርባ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጭላሎ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ተቀምጧል። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት «ልጄ፣ አገርሽ ነው ወይስ እንግዳ ነሽ?» ቢሉኝ መልሱ ጠፋኝ። «ሁለቱንም» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ሁሩታ

ሁሩታ የአርሲ ዞን የሎዴ ሂጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ትልቅ ከተማ እንዳትጠብቁ። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ስንዴ የጫነ አይሱዙ፣ ቅቤ የያዙ ሴቶች፣ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም የሚሰማ ድምፅ… ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቃቅፈው ሲነገሩ መስማት ከፈለጋችሁ ገበያው መሃል ቁሙ።

እናቴ በር ላይ አገኘችኝ። እንደ ፊልም ተሯሩጠን የተቃቀፍን እንዳይመስላችሁ። ሦስት ጊዜ ሳመችኝና «ከሳሽ» አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ጩምቦ አቀረበችልኝ፤ በቅቤ የራሰ ወፍራም ቂጣ ነው፣ ከእርጎ ጋር የሚበላ። በላሁ። ዝም። ቡና ፈላ። አሁንም ዝም። በመጨረሻ እንደምንም «እማዬ፣ ከአንቺ ጋር ፎቶ ልነሳ ነው የመጣሁት» አልኳት። አየችኝ አየችኝና «ለፎቶ ብለሽ?» አለች። «አዎ።» «በስልክሽ አንሺና ሂጂያ!» እንደማለት ትከሻዋን ነቀነቀች። ትንሽ ቆይታ ግን ተነሳችና የዓመት በዓል ነጠላዋን አወጣች።

ፎቶ ቤቱ

የወሰደችኝ አንድ የቆየ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ የማያወሩ ጋሼ ናቸው። እንደ ድሮው የተሳለ መጋረጃ አለ፤ ፏፏቴና ዘንባባ። የፕላስቲክ አበባውም አልቀረም። እኔን የገረመኝ ግን ግድግዳው ነው። በጉርድ ፎቶዎቹ መሃል አንድ ረድፍ ሙሉ እናትና ልጅ፣ እናትና ልጅ፣ እናትና ልጅ! አንዳንዱ ጥቁርና ነጭ፣ አንዳንዱ ቀለሙ የደበዘዘ፣ አንዳንዱ አዲስ። ልጆቹ አብዛኞቹ ሙሽሮች ናቸው።

«ሙሽራ ስትመጣ መጀመሪያ ከእናቷ ጋር ነው የማነሳት» አሉኝ ጋሼ። «ሁለት አወጣለሁ። የሙሽራዋን አስከፍላለሁ፤ የእናትየውን አላስከፍልም። ልጅቱ ትሄዳለቻ! ቤት የሚቀረው ፎቶው ነው።»

አያችሁ፣ በአገራችን ፎቶ ሲጀመር የቤተ መንግሥት ነገር ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አፄ ምኒልክን ያነሱ ነበር፤ ሙያው ለልጆቻቸውም ተርፏል። ቀስ በቀስ ግን ፎቶ ቤት ወደ ሰፈር ወረደና የእኛም እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው መቀመጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተራ ቤተሰብ አልበሞች ውስጥ የነበሩ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን የሰበሰበ ነው። የሁሩታው ጋሼ መጽሐፍ አላሳተሙም፤ ግድግዳቸው ግን መጽሐፍ ነው።

እናቴን ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ እኔን ከኋላ አቆሙኝ። «እጅሽን ትከሻዋ ላይ» አሉኝ። እጄን አነሳሁ… አላርፍ አለኝ። ስንት ዓመቴ ነው እናቴን እንደዚህ ከነካሁ? ጋሼ ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉና «አልቸኩልም» አሉ። ያኔ እናቴ ሳትዞር እጇን ወደ ላይ ሰደደችና የእኔን እጅ ይዛ ራሷ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችው። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው።

ሲንቄ

ማታ ቤት ስንመለስ ጥግ ላይ ሁለት ቀጫጭን፣ ቀጥ ያሉ በትሮች ቆመው አየሁ። አንዱ ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረ፣ አንዱ አዲስ። የአርሲ ልጅ ሲንቄን ታውቃለች፤ እኔ ግን የከተማ ልጅ ሆኜ ባንክ ስሙን ሲይዘው ነው ትዝ ያለኝ! ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ባህል እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። በትር ስላችሁ መማቻ እንዳይመስላችሁ፤ የያገባች ሴት ክብርና መብት ምልክት ናት። ባል ሚስቱን ቢበድል ጎረቤት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ካሣና ይቅርታ ሳይጠየቅ አይመለሱም። የተጣሉ ወንዶች መካከል ሴቶች ሲንቄ ይዘው ከቆሙ ጠቡ ይቆማል።

«የጠቆረው አኮ የሰጠችኝ ነው» አለች እናቴ፣ አያቴን ማለቷ ነው። «አዲሱስ?» አልኳት። «ያንቺ ነዋ! በስልክ አገባሁ ያልሽኝ ለት ነው ያስቆረጥኩት።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ጠብቆኛል!

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን እንደሸኘችኝ የጠየቅኳት። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ የሚጠይቀኝ ሰው መጥቶ ነበር። የአባቴ ወገኖች ከብቱን ተስማምተዋል። እናቴ ያንን የጠቆረ ሲንቄ ይዛ ጎረቤቶቿን ጠራች። ሴቶቹ የሽማግሌው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሁለት ቀን አልተነሱም። ሽማግሌዎቹ «ልጅቱ ትተው» አሉ። «ግን የተከለከለ ሰው ይጠልፋል» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት በር ላይ እየተኛሁ እስከ መቼ?» ጠላፊ ያገባኋት ብሎ ከቅጣት የሚያመልጥበት የድሮው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 ቀርቷል፤ አዲሱ ሕግ የገጠር ደጃፍ እስኪደርስ ግን እናቴ አልጠበቀችም። ጫማዬን አሰረችልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን፣ እዚያው አርሲ በደረሰ የጠለፋ ታሪክ ላይ የተሠራውን «ድፍረት» ፊልም አይቼ የሰው ልጅ ታሪክ ብዬ አልቅሻለሁ። ለካ ለእኔም ትንሽ ነበር የቀረኝ! «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «የአባትሽን ወገን እንድትጠዪ አልፈለግኩም። እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል፣ እኔ እናትሽ ነኝ» አለች። መልስ የላችሁም አይደል? እኔም አልነበረኝም።

በማግስቱ ጎረቤቶቿ ተሰበሰቡ፤ በቅቤ የተቁላላ ቡና ቀረበ። መርቀው ሲንቄዬን ሰጡኝ። ግማሹ ምርቃት በኦሮምኛ ስለነበር አልገባኝም፤ «ኢንተላ ኮ» ስትል ግን ገባኝ። ልጄ ማለቷ ነው።

ምክሬ

ውድ አንባቢያን፣ ሁላችሁም ሁሩታ ሂዱ አልልም፤ መሄድ የምትፈልጉ ግን ኅዳርን ምረጡ፣ የመንገዱን ሁኔታ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሹራብም ያዙ። ዋናው ምክሬ ይኼ ነው። አንደኛ፣ ከእናታችሁ ጋር ፎቶ ተነሱና አሳትሙት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የድሮ አልበም አውጥታችሁ «ይቺ ማናት?» እያላችሁ ስሙን ከጀርባው ጻፉበት። ሦስተኛ፣ የምታኮርፉበትን ነገር ራሷን ጠይቋት። መልሱ ምናልባት ጥግ ላይ ቆሞ እየጠበቃችሁ ይሆናል።

ፎቶው በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሁለት ነው። ጋሼ የእናቴን አላስከፈሉም። እኔና እናቴ ሁለታችንም አልሳቅንም፤ እጃችን ግን አልተላቀቀም። ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አትሞላም። ቢሆንም ሦስት ዓመት የጎደለኝን በሁለት ቀን ትንሽ ሞልቼ ተመልሻለሁ።