ከፎቶው ላይ የጠፋው ባጃጅ

ፎንቆ በገበያ ቀን ለፎቶ አስቸጋሪ ናት። ቆጮና ቅቤ ይዘው የመጡ እናቶች፣ አህያ፣ ሞተር፣ ባጃጅ፣ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፤ ሁሉም አንድ ፎቶ ውስጥ ካልገባን ይላሉ። እዚህች የአንሌሞ ወረዳ ከተማ ላይ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት እናትን በስልኩ ማንሳት የፈለገ ወጣት፣ ከኋላቸው ባጃጅ ቢቆምበት ሦስት ምርጫ አለው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ ማንሳት፣ በኋላ ፎቶውን መቁረጥ፣ ወይም ባጃጁን በጣቱ ነካክቶ ማጥፋት። ሦስተኛው ድሮ የስቱዲዮ ባለሙያ ሥራ ነበር። ዛሬ ስናፕሲድ በነጻ ይሠራዋል፤ አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ከነካሜራቸው ይዘውት ይመጣሉ።

«ያው ማሳመር ነው፣ ምን ለውጥ አለው?» የሚል ብዙ ነው። ለውጥ አለው።

በ2010 (እ.ኤ.አ.) ስቴፓን ሩዲክ የተባለ ዩክሬናዊ ፎቶ አንሺ በኪየቭ የጎዳና ቡጢ ላይ በሠራቸው ፎቶዎች የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አሸንፎ ነበር። አንዱ ፎቶ በጨርቅ የሚጠቀለል እጅ ያሳያል። ሰውየው ሰፊውን ፎቶ ቆርጦ ቆርጦ እጁን ብቻ አስቀርቷል፣ ቀለሙንም ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮታል። ዳኞቹን ይህ አላስቆጣቸውም። ሽልማቱን ያስነጠቀው ከእጁ ኋላ ብቅ ያለች የሰው እግር ቁራጭ ነበረች፤ አጥፍቷት ተገኘ። የፎቶውን አብዛኛውን ክፍል ጥሎ ያልተጠየቀ ሰው በአንዲት ቁራጭ ጫማ ተባረረ። መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። ግን የቆረጠ ሰው «እኔ ያየሁት እዚህ ድረስ ነው» ነው የሚለው፤ ያጠፋ ሰው ግን «እዚያ ምንም አልነበረም» ይላል።

መቁረጥም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የስብሰባ ፎቶ ሲለጠፍ ፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ብቻ ታይተው፣ ኋላ ያለው ባዶ ወንበር ከፎቶው ውጭ ሲቀር ያላየ የዚህ ቻናል አንባቢ ያለ አይመስልም። ልዩነቱ፣ ቆርጦ የሚዋሽ ሰው ጠርዙን አይደብቅም፤ ከጠርዙ ወዲያ ምን አለ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በጣት የጠፋ ነገር ጠርዝ የለውም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር የግርማ በርታ ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረው ይህ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ የመንገድ ሰዎችን በስልክ አንስቶ፣ ከኋላቸው ያለውን ከተማ በሙሉ አውጥቶ፣ ከነጥላቸው በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጣቸዋል። በዚህ ሥራው በ2016 (እ.ኤ.አ.) የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድጋፍ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ታዲያ እሱ ከተማ ሙሉ ሲያጠፋ ተሸልሞ፣ የፎንቆው ልጅ ለአንድ ባጃጅ ለምን ይወቀሳል? ግርማ አልደበቀም። አዲስ አበባ ውስጥ ወጥ ቀይ መሬትና ወጥ ቀይ ሰማይ እንደሌለ ተመልካች ያውቃል፤ የተሠራ መሆኑ በግልጽ ይታያል። የጠፋው ባጃጅ ግን አይታይም።

ለአዲስ አበባ ይህ ብዙ ላይጎዳት ይችላል፤ በየቀኑ ስንት ሰው ያነሳታል። እንደ ፎንቆ ያሉ ከተሞች ግን የሚነሱት በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ነው፤ ብዙውም በስልክ። ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢው ቶሎ ቶሎ እየተለወጠ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ገበያው ምን ይመስል እንደነበር የሚፈልግ ሰው ቅቤ ሻጯን ብቻ አይደለም የሚያየው። ሽቦውን፣ የማስታወቂያውን ጽሑፍ፣ የባጃጁን ታርጋ ሳይቀር ይመረምራል። ዛሬ «ፎቶ አበላሸ» የተባለው ያን ጊዜ ማስረጃ ነው።

ለማሳመር የፈለገ ብርሃኑን ያስተካክል፣ ይቁረጥ፣ ዋናውን ፎቶ ግን አይሰርዝ። እናትየዋንም አስቀድሞ ያስፈቅድ። ባጃጁ እንደሆነ ሰው እስኪሞላ ነው የሚቆመው፤ አምስት ደቂቃ ቢታገሱት ራሱ ይሄዳል።