ከደጅ እስከ ወንበር

ባለፈው ዓመት የፋኩልቲያችን የስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበሩን በመረጠበት ዕለት እኛም ከመራጮቹ መካከል ነበርን። የጨዋታውን ሰሌዳ የምታወጣው፣ መዋጮውን ሰብስባ ሒሳቡን የምትይዘው፣ ዳኛ የጠፋ እንደ ሆነ ሌላ ግቢ ድረስ ሄዳ ለምና የምታመጣው ጸሐፊዋ እኅታችን መሆኗን ሁላችንም እናውቅ ነበር። የመረጥነው ግን በቁመቱና በግራ እግር ምቱ የታወቀውን፣ በዓመቱ ውስጥ ሁለት ስብሰባ ብቻ የተገኘውን ወንድማችንን ነው። ከኋላ አንድ ድምፅ «እሷስ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከመካከላችን አንዱ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ተረተ፤ እኛም ሣቅን። እሷ በዚያ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ቃለ ጉባኤውን ትጽፍ ነበር።

ነገሩን ረስተነው ነበር። ያስታወሰን ከጥቂት ወራት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ያገኘነው የአንዲት አሜሪካዊት ታሪክ ነው። እኒህ ሴት ወይዘሮ ኪም አንግ ይባላሉ፤ ሙያቸውም ቤዝቦል የሚባለውን፣ ኳስ በዱላ እየተመታ የሚሮጥበትን ጨዋታ በቢሮ ሆኖ ማስተዳደር ነበር። ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ የኖሩት ወንዶች ብቻ በሚጫወቱበትና በአብዛኛው ወንዶች ሲመሩት በኖሩ ሊግ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ኪም በ1968 ተወለዱ፤ ወላጆቻቸው ከቻይና ዘር ናቸው። በቺካጎ ዩኒቨርስቲ ሲማሩ የቤዝቦል ታናሽ እኅት የሆነውን ሶፍትቦልን ይጫወቱ ነበር። በ1990 እንደ ተመረቁ ቺካጎ ዋይት ሶክስ በሚባለው ክለብ ተለማማጅ ሆነው ገቡ። በዚያ ሊግ አንድ ተጫዋችና ክለቡ በደመወዝ ሳይስማሙ ሲቀሩ ጉዳዩ ለገላጋይ ዳኞች ይቀርባል፤ ክለቡም ተጫዋቹም እያንዳንዳቸው አንድ አኀዝ ያቀርባሉ፤ ዳኞቹም ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ እንጂ መካከሉን አይፈርዱም። ስለዚህ ተከራካሪው የተጫዋቹን ሥራ በቁጥር አንድ በአንድ የሚያውቅ መሆን አለበት። በ1995 ወይዘሮ ኪም ለክለባቸው ቆመው በአሌክስ ፈርናንዴዝ ደመወዝ ላይ ተከራከሩ። በሊጉ እንዲህ ያለ ክርክር ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ሆኑ፤ ረቱም።

በ1998፣ ገና በ29 ዓመታቸው፣ የኒው ዮርክ ያንኪስ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ያንኪስ በ1998፣ በ1999ና በ2000 ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በምክትልነት ተዛወሩ። በ2003 በአንድ የሥራ አስኪያጆች ጉባኤ ላይ የሌላ ክለብ ባልደረባ በዘራቸው አፌዘባቸው፤ የገዛ ክለቡም ሰውየውን አሰናበተው። በ2005 የዶጀርስ ዋናው ወንበር ባዶ በሆነ ጊዜ ለቦታው ቀርበው ተጠየቁ፤ የተሾመው ግን ሌላ ሰው ነው። ከዚያም በኋላ በየዓመታቱ ሌሎች ክለቦች እየጠሩ ጠየቋቸው፤ የሾማቸው አልነበረም። ከ2011 ጀምሮ በሊጉ ዋና መሥሪያ ቤት በከፍተኛ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ሠሩ።

እዚህ ላይ በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ይህማ አያቶቻችን የሚያውቁት ደጅ ጥናት ነው» አለ። ሌላው ግን አልተቀበለውም፤ «ደጅ የሚጠና ሰው የጌታውን ዐይን ሲጠብቅ ይውላል እንጂ የጌታውን ቤት አያስተዳድርም፤ እኒህ ሴት ቤቱን ሲያስተዳድሩ ኖረው ነው ወንበሩን የተከለከሉት» ሲል መለሰ። ሁላችንም ትዕግሥታቸውን ስናደንቅ አመሸን። በመጨረሻ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የቆየው ጓደኛችን «እናንተ ስለ ደጅ ጠኚዋ ትዕግሥት ብቻ ታወራላችሁ፤ ስለ ደጅ አስጠኚው ማን ይናገር?» አለ። ይህን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ዝም ያልነው የቱን ስብሰባ አስበን እንደ ሆነ አንባቢ ሳይገምት አይቀርም።

ታሪኩን ወደ ፊት ስናነብ ይበልጥ የሚያሳፍረንን ነገር አገኘን። በኖቬምበር 2020፣ ሥራ ከጀመሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ማያሚ ማርሊንስ የሚባለው ክለብ ወይዘሮ ኪምን ዋና ሥራ አስኪያጅ አደረጋቸው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ የወንዶች ፕሮፌሽናል ሊጎች እንዲህ ያለውን ወንበር የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በዚያ ጊዜ ክለቡን ይመራ የነበረው ዴሪክ ጂተር ነው። ጂተር ደግሞ እሳቸው በያንኪስ ምክትል በነበሩበት ዘመን የዚያው የያንኪስ ተጫዋች ነበረ። እንግዲህ በሩን የከፈተው ሥራቸውን በዐይኑ ያየ ሰው ነው። እኛም የእኅታችንን ሥራ በዐይናችን አይተናል፤ አይተንም ሣቅን።

ወይዘሮ ኪም በወንበሩ ላይ ምን ሠሩ? በ2023 መጀመሪያ ፓብሎ ሎፔዝ የተባለውን ጥሩ ኳስ ወርዋሪያቸውን ከሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጋር ሰጥተው በምትኩ ሉዊስ አራኤዝን አመጡ፤ እሱም በዚያው ዓመት የሊጉ አንደኛ መቺ ሆነ። ክለቡ ከ162 ጨዋታ 84ቱን አሸንፎ ለጥሎ ማለፉ ውድድር በቃ፤ ሙሉ የጨዋታ ዘመን ተጫውቶ እዚህ ሲደርስ ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ይሁን እንጂ የክለቡ ባለቤት ከእሳቸው በላይ ሌላ ኀላፊ ለማስቀመጥ አሰቡ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ክለቡ ውላቸውን ለማራዘም ቢፈልግም ወይዘሮ ኪም አልቀበልም ብለው ለቀቁ።

በዚህም ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «ሠላሳ ዓመት የተደከመበት ወንበር በሦስት ዓመት ይለቀቃል?» አልን። ሌሎቻችን ግን ወንበሩ ተሰጥቶ ሥልጣኑ ከተወሰደ የቀረው እንጨቱ ነው ብለን አሰብን። ወይዘሮ ኪም በ2025 አዲስ ለተቋቋመው የሴቶች ሶፍትቦል ሊግ የበላይ ኀላፊ ሆነው ተሾሙ፤ ተማሪ ሳሉ ወደ ተጫወቱት ጨዋታ ተመለሱ ማለት ነው።

የኮሚቴው ምርጫ ሊደርስ ሲል ወደ እኅታችን ሄደን «ዘንድሮ አንቺን ልንጠቁም ነው» አልናት፤ ደስ ይላታል ብለን ጠብቀን ነበር። እሷ ግን መዝገቡን አውጥታ የአምናውን ቃለ ጉባኤ አስነበበችን። በሰባተኛው ተራ ቍጥር እንዲህ ተጽፏል፤ «ስለ ጸሐፊዋ ጥያቄ ቀረበ። ተሳቀ። ወደሚቀጥለው ጉዳይ ታለፈ።» ማን ተረተ፣ ማን ሣቀ አላለችም፤ የማንንም ስም አልጻፈችም።

ከዚያም «ብትጠቁሙኝ አልጠላም፤ ነገር ግን ብመረጥ ሰሌዳውን የሚያወጣ፣ መዋጮውን የሚሰበስብና ዳኛ የሚለምን ማን ነው? ሊቀ መንበርም ጸሐፊም እኔው ልሁን?» ስትል ጠየቀችን። እርስ በርሳችን ተያየን። እሷን ለመጠቆም ስንማከር ስለ ወንበሩ እንጂ እሷ ስለምትተወው ሥራ አንዳችንም አላሰብንም ነበር።

ስለዚህ ይህን ስንጽፍ ከመካከላችን ሁለቱ ሒሳብ አያያዙን ከእሷ በመማር ላይ ናቸው፤ ግራ እግሩ የታወቀውም ወንድማችን ዳኛ ለመለመን ተመድቧል። ምርጫው የፊታችን ዐርብ ነው። የዘንድሮውን ቃለ ጉባኤ የምንጽፈው እኛ ነን፤ የሚሥቅ ካለም ከነስሙ እንጽፈዋለን።