የሚከብደው ሰዓት

የእናቴ ታላቅ ወንድም፥ ዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚጾሙ፥ ረቡዕንና ዓርብን የማይገድፉ፥ ነዳያንን ባዶ እጃቸውን የማይመልሱ ሰው ሆነው ሳሉ፥ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከሲጋራ ጋር ብቻ መለያየት ተስኗቸው ኖረዋል። በዘጠኝ ሰዓት ጾማቸውን የሚፈቱት በእንጀራ ሳይሆን ከጓሮ ካለው የቆርቆሮ አጥር ሥር ልጆቻቸው ሳያዩዋቸው በሚስቡት ጢስ ነበረ። ይህንን በአደባባይ የምጽፈው እርሳቸው ራሳቸው፥ «የኔን ድካም ንገርላቸው፤ አንድ ሰው ቢጠቀምበት ለኔም ዋጋ ነው» ብለው ስለ ፈቀዱልኝ ነው።

ትምባሆ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተወገዘ ቅጠል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አጼ ዮሐንስ አራተኛ በአዋጅ ከልክለውት ነበር፤ አባቶችም በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው እያሉ ሲያስተምሩ ሰምተን አድገናል። በፈረንጆች 2016 በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆኖ መገኘቱ፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ከዚህ ውግዘት ፍሬ አንዱ ነውና ውግዘቱን የማቃለል አሳብ ከቶ የለኝም። ነገር ግን የሚያጨሰውን ሰው ከትምባሆው ጋር አብሮ ያወገዘ ማኅበረሰብ፥ ያ ሰው ሊተወው በፈለገ ጊዜ «እርዱኝ» ብሎ አፉን የሚከፍትበትን በር ዘግቶበታል። አጎቴ በንስሐ አባታቸው ፊት ሌላውን ኃጢአታቸውን ሁሉ ሲናዘዙ ይህችን አንዲቱን ለብዙ ዘመን የደበቋት በእምነት ማነስ አልነበረም፤ ኀፍረቱ ቢበዛባቸው ነው እንጂ።

በነዚያ ዓመታት ውስጥ ለማንም ሳይነግሩ ሦስት ጊዜ ለመተው ሞክረዋል። ሦስቱም ሙከራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ስለ ፈረሰ፥ ፈቃዳቸው ደካማ፥ ራሳቸውም ከሰው ያነሱ መስሏቸው ነበር። የዘመኑ ሕክምና የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አእምሮ ይደርሳል፤ በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥም በደም ያለው መጠን በግማሽ ስለሚቀንስ፥ የለመደው ሰውነት ሌላ ይጠይቃል። ማጨስ ሲቆም የሚመጣው የቁጣ፥ የእንቅልፍ ማጣትና የጭንቀት ጽናት ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ሲሆን፥ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ አብዛኛው ይረግባል። አጎቴ እንግዲህ ሦስቱንም ጊዜ የወደቁት፥ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሰው ቁልቁለቱ ሊጀምርላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነበረ። ደግሞም ያለ ምንም ረዳት ለመተው ከሚሞክሩት ከመቶው ሰው ውስጥ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ጸንተው የሚገኙት ከ3 እስከ 5 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ያን ጊዜ የነገራቸው ቢኖር፥ ራሳቸውን በዚያን ያህል ባልኮነኑ ነበር።

በመጨረሻ ከሐኪም ቤት የደረታቸውን ፎቶግራፍ ይዘው በተመለሱ ሰሞን ለንስሐ አባታቸው ነገሩ። እኒያ ሽማግሌ ካህን ምን ዓይነት ቀኖና ይሰጡኝ ይሆን ብለው ሲፈሩ፥ የሰሙት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልጄ፥ የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድህ?»

አጎቴ በሕይወታቸው ያልተጠየቁት ጥያቄ ስለ ነበረ ለመመለስ ጊዜ ወሰደባቸው። አስበው አስበው ሦስት ሰዓት ቈጠሩ፤ ጧት ከቡና በኋላ፥ ከቀትር በኋላ ከምግብ እንደ ተነሡ፥ ማታ ደግሞ መንደሩ ጸጥ ሲል። ካህኑም ፈቃዳቸውን ጠይቀው እነዚያን ሦስት ሰዓቶች ለሦስት ሰዎች አከፋፈሏቸው። የጧቱን የወሰዱት ቡናውን አብረው የሚጠጡት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው፤ ሦስተኛውን ስኒ ትተው፥ አቦሉንና ቶናውን እንደ ጠጡ «ጋሼ፥ እስቲ ይነሡ» ብለው የቆሎ ሰሐን አስይዘው በግቢው ያዘዋውሯቸው ጀመር። የቀትሩ የእድሩ ዳኛ ድርሻ ሆነ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደርሰው ይመለሳሉ፤ የአምሮቱ ማዕበል ራሱን ካልመገቡት በጥቂት ደቂቃ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ አጥሩን ተሳልመው ሲመለሱ አልፎ ይገኛል። የማታው ለእኔ ደረሰኝ። የእኔ ሥራ ከሁሉ የቀለለ ነበር፤ ስልክ ደውዬ ስለ ምንም ነገር ማውራት።

በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ወደቁ። ለቅሶ ቤት ነበርን፤ ሌሊቱ በርዶ፥ በድንኳኑ ጥግ ወንዶቹ ተሰብስበው ሲያጨሱ አንዱ ልማዱን ብሎ ዘረጋላቸው፤ ተቀበሉ። በማግስቱ ጧት ከቤት አልወጡም። በዚያ ጧት ከጎረቤቶቻችን አንድም ሰው የተግሣጽ ቃል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያከተመ ነበር ብዬ አምናለሁ። እትዬ ግን እንደ ወትሮው ቡናውን አፍልተው ልጅ ላኩባቸው፤ በመጡም ጊዜ ስለ ሌሊቱ ምንም ሳያነሡ የቆሎውን ሰሐን አስያዟቸው። እንዲህ ያለውን ጥበብ ከየት እንደ ተማሩት ጠይቄያቸው፥ «ሕፃን ቆሞ መሄድ ሲማር ወደቀ ብሎ የሚቈጣ አለ እንዴ?» ሲሉ መለሱልኝ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ አልወደቁም፤ እነሆ አራት ዓመት አለፋቸው። ሐኪሞች እንደሚሉት ማጨስ ከቆመ በአንድ ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም የመያዝ ተጨማሪ አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በሐኪም ምክር የሚታዘዝ የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒትም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገቡ ጽፎታልና፥ የሚያገኘው ሰው ቢጠቀምበት ነውር የለበትም።

ይህ ሁሉ የሽማግሌ ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፥ ባለፈው ዓመት በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው እህቴ እያለቀሰች የደወለችልኝን ሌሊት ልንገረው። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጇን ልብስ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የኮምፒዩተር ፍላሽ የምታህል፥ የማንጎ ሽታ ያላት ነገር አገኘች። ትምህርት ቤት የሚይዘው ዕቃ መስሏት መልሳ ልታስቀምጥለት ነበር፤ ታላቅ እህቱ ናት ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሆኑን የነገረቻት። የእኛ ትውልድ ወላጅ ሲጋራን በሽታው፥ በአመዱ፥ በጣት ቢጫነት ያውቀዋል፤ ይህኛው ግን ፍራፍሬ ፍራፍሬ እየሸተተ ወላጅ ፊት ተቀምጦ የማይታወቅ ነው። በውስጡ ያለው ኒኮቲን ግን ያው ኒኮቲን ነው፤ በጨው መልክ ተዘጋጅቶ ጉሮሮን እንዳይፈጅ ስለ ተደረገ ሕፃን እንኳ ያለ ሳል ይስበዋል፤ በፈረንጆች ከ2015 ጀምሮ ገበያውን ካጥለቀለቁት ቬፖች የአንዱ፥ የጁል፥ አንድ ማኅደር በውስጡ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ኒኮቲን ይይዝ ነበር።

አባትየው እጁን አነሣ፤ እናትየዋ ጮኸች፤ ልጁም ዘጋ። በሦስተኛው ቀን እህቴን ስልኩን ለልጁ እንድትሰጥ የለመኑት አጎቴ ናቸው። «ልጄ፥ እኔም የዚህ ነገር ባሪያ ነበርሁ፤ የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድህ?» ሲሉት፥ ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና በተሰባበረ አማርኛው፥ «አባባ፥ በክፍልና በክፍል መካከል ነው፤ ሁሉም መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ፤ እኔ ካልሄድሁ ብቻዬን እቀራለሁ» አላቸው። እኔ ከዚህ መልስ ብዙ ተማርሁ። ልጁን ወደዚያ ያደረሰው ጓደኝነት ሆኖ ሳለ፥ እኛ ግን ብቻህን ውጣ እያልነው ነበር።

አሜሪካኖች ይህን ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል። በፈረንጆች 2019 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸው ከመቶ 27.5 ያህሉ ቬፕ ይጠቀሙ ነበር፤ በ2024 ወደ 7.8 ወርዷል። ለዚህ መውረድ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመግዣው ዕድሜ በሕግ 21 መሆኑም አንዱ ነው። እኔን የነካኝ ግን ትሩዝ ኢኒሼቲቭ የተባለ ድርጅት ለወጣቶች በስልክ የጽሑፍ መልእክት የሚሰጠው ነጻ ረድኤት ነው። ስሙን መግለጽ ያልፈለገ ወጣት የሚያቆምበትን ቀን ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ከሌሎች ሞካሪዎች የተሰበሰበ ማጽናኛና ምክር በየቀኑ ይደርሰዋል። 2,588 ወጣቶች በተመረመሩበት ጥናት፥ በሰባተኛው ወር ያቆሙት መልእክቱን ካላገኙት ከመቶ 18.6፥ ካገኙት ደግሞ 24.1 ሆነው ተገኝተዋል። በማይታይ ወዳጅ በኩል ይህን ያህል ከተቻለ፥ በሩን አንኳኩቶ የሚገባ ጎረቤት ምን ያህል ይችል ይሆን?

የኛ ሕግ ደካማ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥንም አግዷል፤ በፓኮው ላይ 70 በመቶውን ማስጠንቀቂያ እንዲሸፍነው አዝዟል። ሕጉ ሻጩን ሊከለክል ይችላል፤ የለመደውን ሰው እጁን ይዞ ማሻገር ግን የሕግ ግብር አይደለም። ያ ግብር የእድሩ፥ የጽዋ ማኅበሩ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱና የመስጊዱ ጀማዓ ነው። ሲሞት የሚቀብረው እድር፥ ሳይሞት በሚከብደው ሰዓት ሊደርስለት እንዴት ያቅተዋል? በየወሩ ክፍያ በሚሰበሰብበት ቀን አንድ ዳኛ ተነሥቶ፥ «ከመካከላችን ሊተው የሚፈልግ ካለ ወደኔ ይምጣ፤ ነገሩ ከእኔ አይወጣም» ቢል፥ ለዚህ በጀትም ቢሮም አያስፈልግም።

ወዳጄ፥ ይህን የምታነበው፥ የሚያጨስ ወንድም ወይም ቬፕ የደበቀ ልጅ ካለህ፥ ዛሬ ማታ አትገሥጸው፤ የትኛው ሰዓት እንደሚከብደው ጠይቀው፥ ያንንም ሰዓት አንተ ውሰድለት።