ያገለገለ ወንበር፣ ያልተደበቀ ዐይብ



የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የነዳ ሰው፣ የላላ የሹፌር ወንበር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያውቀዋል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወንበሩ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ወንድማማቾቹ በጋራ የምንጠቀምባት ቪትዝ እንዲህ ሆነች። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ መያዣ ጥርሱ አልቋል። አዲስ መግዛት ከአቅማችን በላይ ስለነበር ያገለገለ ፍለጋ ወጣን።

ፍለጋው መጀመሪያ ያስተማረን ስም እንደማይበቃ ነው። «የቪትዝ ወንበር አለ» ቢባልም፣ በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣችውና በ2005 የተተካችው ቪትዝ የተለያዩ መኪኖች ናቸው። በአንጻሩ ያሪስ ተብላ ከዐረብ አገር ወይም ከአውሮፓ የመጣችው፣ ትውልዷ አንድ ከሆነ ወንበሯ ሊገጥም ይችላል። የባለ ሁለት በሯ የፊት ወንበር ግን የኋላ ተሳፋሪ እንዲገባ ስለሚታጠፍ አሠራሩ ይለያል። መሪዋ በቀኝ ከሆነ መኪና የተፈታ የሹፌር ወንበር ደግሞ ማዘንበያ እጀታው በተቃራኒው ጎን ይሆናል። ስለዚህ ሜትር ይዞ የአራቱን ብሎኖች ርቀት በቁመትም በወርድም መለካት ግድ ነው። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካለ የኤርባግ መስመር ነው፤ ባትሪው ሳይነቀልና ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ አይነካም።

ደሴ ላይ ያገኘነው ሻጭ «ወላሂ እንከን የላትም» አለን። ወንበሩን ገልብጠን ስናይ ሐዲዱ ተሰብሮ ተበይዷል፤ ብየዳው ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ስንጠይቀው «ያገለገለ ዕቃ አይደል እንዴ፣ ምን ጠበቃችሁ?» አለን። ትተነው ወጣን።

ኮምቦልቻ ያገኘነው ግን ዋጋ ሳንጠይቅ «ልጆች፣ በግራ በኩል ስፖንጁ ወርዷል፤ ሐዲዱ ግን ደህና ነው፣ ራሳችሁ ሞክሩት» አለን። ወንበሩ የተፈታበትንም መኪና ግቢው ውስጥ አሳየን። ሞተሯ ነክሶ ባለቤቷ በቁሟ የሸጣት ነች፤ የሽያጭ ውሉም እጁ ላይ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ የሁለቱ ሰዎች ልዩነት የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገዢና ሻጭ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚጠፋ ነግረውናል። ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜም፣ እርጥቡ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳልተደረገ ሻጩን ጠይቀዋል። ብየዳ ላይ የተቀባ ቀለም ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል? «ያገለገለ» የሚለው ቃል የጨርቅ መደብዘዝን ይሸፍናል፤ እያወቁ የደበቁትን ስብራት ግን አይሸፍንም። ዑለሞች ኺያሩል ዐይብ የሚሉት የገዢ መብት ለዚህ ነው፦ የተደበቀ ጉድለት ከተገኘ ዕቃው ይመለሳል።

ከየት መጣ የሚለውም ጥያቄ የእኛ የገዢዎች ነው። ሌሊት ከሰው መኪና የተነቀለ ስፖኪዮ ጠዋት በርካሽ የሚሸጠው የሚገዛው ስላለ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት፣ አላህ በሱረቱል ማኢዳ ከከለከለው በኃጢአት ላይ መተባበር ውስጥ የሚገባ ነው። የሻጭን ምንጭ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኮምቦልቻው ሰው ስፖንጁ መውረዱን ሲነግረን አብሮን የነበረው ደላላ በጆሯችን «ያዙለት፣ በዚህ በደንብ አስወርዱት» አለን። ሻጩ ግን ጉድለቱን ቀድሞ አስቦ ነበር ዋጋውን የጠራው። ስፖንጁን ሰበብ አድርገን ወንበሩን በሙሉ ብናጣጥለው፣ ሰውየው በሚቀጥለው ገዢ ፊት ዝም ማለትን ይማራል። ነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ) ሕዝባቸውን ያስጠነቀቁት ሚዛን በማጉደል ብቻ ሳይሆን የሰዎችን ዕቃ ዋጋ በማሳነስም ነበር። በጠራው ዋጋ ገዛን፤ ስፖንጁን ደሴ ላይ አስሞላነው።

ጋራዥ የምትሠሩ፣ መለዋወጫ የምትሸጡ፣ የምትደልሉ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። የምትሸጡት ሐዲድ ላይ ነገ የሰው አባት ተቀምጦ ሐረጎን ይወርዳል። ጉድለቱን ተናገሩ። እኛ ገዢዎች ደግሞ እውነት የነገረንን ሻጭ በእውነቱ አንቅጣው፤ ለጓደኞቻችንም አድራሻውን እንስጥ። ታማኝ ነጋዴ ገበያችን ውስጥ የሚቆየው ታማኝነቱ ካላከሰረው ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን በረካ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።